ቀድሞ የወደቀ ቀድሞ ይነሳል

አባቴ ኖርበርት ክላሰን የሰውን ልጅ ለሁለት ይከፍለዋል፤ የሚወዳደርና የሚጫወት ብሎ። የሚወዳደሩት በረዶ ከጣለበት ጊዜ ጀምሮ እስኪቀልጥ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማችን የድሮ ቦውሊንግ ቤት ተሰብስበው ከጫማ ሳጥን የማይበልጡ መኪናዎችን በሪሞት የሚነዱት ሰዎች ናቸው። የሚጫወቱት የቀረነው ነን። ሐኪሙ ይጫወታል፤ ቄሱም ይጫወታል፤ ሌሊት ተነስቶ መንገዱን ከበረዶ የሚጠርገው ሰውዬም ይጫወታል። እናቴም ነፍሷን ይማርና ሦስት ልጅ ስታሳድግ ስትጫወት ኖራ ሞተች።

እነዚህን ተወዳዳሪዎች ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ባውቃቸውም አላከብራቸውም። አብዛኞቹ ሆዳቸው ከቀበቷቸው በላይ ተንጠልጥሎ፣ በየጠረጴዛቸው ላይ ንጹሕ ፎጣ አንጥፈው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ጉንዳን የምታክል ብሎን ሲያጠብቁ ይውላሉ። ጎማው መወዳደሪያው ላይ የተነጠፈውን ምንጣፍ ቆንጥጦ እንዲይዝ አንድ የሚሸት ፈሳሽ ይቀቡታል፤ ከዚያ በጨርቅ ይጠቀልሉታል፤ ከዚያ ደግሞ እንደ ታመመ ሕፃን እየዳበሱ ሙቀቱን ይለካሉ። ለጎማ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ሩቡን ለሚስቶቻቸው ቢያደርጉ ኖሮ ስንቱ ዛሬ ብቻውን ሾርባ ባላሞቀ ነበር።

አንድ ጥሩ ሕግ ግን አላቸው። ተወዳድሮ የጨረሰ ሰው ሪሞቱን አስቀምጦ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ፣ ለሚቀጥሉት ተወዳዳሪዎች አንድ መታጠፊያ ላይ ይቆማል። መኪና ሲገለበጥ ሮጦ ያቃናል። ነጂዎቹ ከፍ ካለ የእንጨት መድረክ ላይ ሆነው ስለሚነዱ ወርደው የራሳቸውን ማንሳት አይችሉም። ሁለት መኪና አንድ ቦታ ከወደቀ ደግሞ ቀድሞ የወደቀ ቀድሞ ይነሳል፤ የማን ነው አይባልም። ሕጉ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል። ጥሩ ሕግ ስለሆነም ሁሉም ይጠሉታል። ሰደርያ ለብሶ የቆመው ሰውዬ ዓይኑ ከመታጠፊያው ይልቅ ጠረጴዛው ላይ ባለችው የራሱ መኪና ላይ ነው። መኪና ሲወድቅበት ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ የወዳጁ ከሆነች ብቻ ይሮጣል። አባቴ ግን ጭራሽ አይቆምም። ተራው ሲደርስ ጉልበቱን ያመዋል። የመድረኩን ደረጃ ሲወጣ ብታዩት ፍየል ነው፤ ሰደርያ ሲያይ ነው ሽባ የሚሆነው።

እኔም አንድ ጊዜ እዚያ መድረክ ላይ ቆሜያለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ የሰጠኝን መኪና ከግድግዳ ጋር አላትሜ መሪውን ስሰብረው ሪሞቱን ከእጄ ነጥቆ ወደ ጓደኞቹ ዞረና፣ «ይቺ እጅ የላትም» አለ። ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ሪሞት ነክቼ አላውቅም፤ የቴሌቪዥኑን እንኳ የሚይዘው ባሌ ብሬት ነው።

ለዚህ ነው ልጄ ኤልሲ ሰባት ዓመት ሊሞላት ሲል መስጋት የጀመርኩት። ኤልሲ አያቷን ትወዳለች። ሳምንቱን ሙሉ የምትጠብቀው ቅዳሜን ነው፤ ቅዳሜ ከእሱ ጋር ሄዳ ረጅም ዱካ ላይ ተቀምጣ ትኩስ ቸኮላት እየጠጣች መኪናዎቹን ታያለች። ብዙ የማትናገር፣ አንድን ነገር አትኩራ የምታይ ልጅ ናት። «እጅ የላትም» የሚለውን ቃል ከአፉ ከሰማች ቅዳሜም አያትም ባንድ ቀን እንደሚያልቁባት አውቅ ነበር። እኔም ቅዳሜና አባት ያለቁብኝ እንደዚያ ነው።

ዓርብ ማታ እንደ ልማዳችን ዓሣ ልንበላ ወጥተን፣ አባቴ ከዓሣው በፊት የሚቀርበውን የተጠበሰ አይብ ገና እያላመጠ አዋጁን አወጀ።

«ለልደቷ የመጀመሪያ መኪናዋን እኔ ነኝ የምገዛላት።»

«ደስ ይላል» አለ ብሬት። ባሌ የጋራዥ በር ገጣሚ ነው፤ ለሁሉም ነገር ደስ ይላል ነው የሚለው። «ግን ራሷ ብትመርጥስ?»

«አንተ ሚስትህን ራስህ መረጥክ» አለው አባቴ። «ምን አተረፍክ?»

«አባዬ፣ እዚሁ ተቀምጫለሁ» አልኩት።

«አይቼሻለሁ ካሪን። ዓሣሽን ብዪ፤ ይቀዘቅዛል።»

ኤልሲ ድንች እየቆረጠች ቀና አለችና፣ «አባባ፣ መኪናዬን እኔ ነኝ የምነዳት?» ብላ አያቷን ጠየቀችው።

«ሌላ ማን ይነዳታል የኔ እመቤት?» አለ። ያን ጊዜ እውነቱን የሚናገር ይመስለው እንደነበር አምናለሁ። አባቴ አይዋሽም፤ የሚመኘውን ሁሉ ለሌላ ሰው ሲል የሚያደርገው ይመስለዋል እንጂ።

በማግስቱ መኪናዋን ልንገዛ ሄድን። ሱቁ የዱዌይን ነው። ዱዌይን የቦውሊንግ ቤቱ ባለቤት፣ የውድድሩ አስተናባሪና ማይክሮፎኑን ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። ሱቁን የከፈተው ድሮ የቦውሊንግ ጫማ ይከራይበት በነበረው ባንኮኒ ላይ ነው፤ የጫማ ቁጥር የተጻፈባቸው ቀዳዳዎች አሁን መለዋወጫ ታጭቆባቸዋል። ባንኮኒው ፊት ሌስ ፓውልሰን ቋሊማውን ይዞ ቆሟል። ሌስ ከአባቴ ጋር አንድ ፋብሪካ ሠርቶ፣ አንድ ቀን ጡረታ ወጥቶ፣ አንድም ቀን በጎ ቃል ሳይለዋወጥ ያረጀ ሰው ነው። ሁለቱ የሚያስጠላውን ነገር ሁሉ ስለሚጋሩ ነው መሰለኝ የሚጠላሉት።

አባቴ ከዱዌይን ጋር ስለ ሞተር ወሬ ሲጀምር ኤልሲ ብቻዋን መደርደሪያዎቹን ዞረች። ከዚያ ከታችኛው መደርደሪያ አንዲት አረንጓዴ ጭነት መኪና በሁለት እጇ አቅፋ መጣች። ጎማዎቿ ከአካሏ ይበልጣሉ፤ ጣራዋ ላይ የዕቃ መጫኛ አላት።

«ይቺ ምን ትሠራለች?»

«ድንጋይ ትወጣለች» አላት ዱዌይን።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ቀስ ብላ ትወጣለች፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች።»

«ትወድቃለች?»

«ካልቸኮልሽ አትወድቅም። መቸኮልም አትችልም፤ ከሰው እርምጃ አትፈጥንም።»

«ዕቃ ትጭናለች?»

«ሳንድዊችሽን ትጭንልሻለች።»

ሌስ ቋሊማውን ዋጥ አደረገ። «ኖርብ! ና ጉድህን እይ! የልጅ ልጅህ የቀብር መኪና መርጣልሃለች!»

አባቴ ዞረ። ፊቱ ላይ ያየሁትን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ሌላ ሰው ተበላሽቶ የሸተተ ሥጋ ሲያይ የሚያሳየው ፊት ነው። ድንጋይ ወጪ መኪና በእነሱ ዘንድ ከመጫወቻም በታች ነው። ውድድር የለውም፤ ሰዓት አይያዝለትም፤ ሰዎቹ ጫካ ይዘውት ሄደው እንደ ውሻ ያንሸራሽሩታል፤ ከዚያ ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አባቴ ያለ ተሸናፊ ደስ የሚለው ሰው አለ ቢሉት አያምንም።

«አስቀምጪው የኔ እመቤት» አላት። «እሱ ጡረታ ለወጡ ሰዎች ነው።»

«አንተ ጡረታ ወጥተህ የለም እንዴ?»

ዱዌይንም ሌስም ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። ወደ ላይኛው መደርደሪያ ጣቱን ቀሰረ። «ያቺን አውርድልኝ። ሰማያዊዋን።»

ዱዌይን መሰላሉን አልነካም። «ኖርብ፣ ለልጅቷ ነው አይደል?»

«ለልጅቷ ነው።»

«ይቺ እኮ አንተ የምትነዳት መኪና መንታ ናት፤ ቀለሟ እንኳ ያው ነው።»

«ስለዚህ ጥሩ ናት ማለት ነው።»

«እሺ፤ እንግዲያው ቢያንስ ጉልበቷን ግማሽ ላይ እሰረው። ሪሞቱ ላይ ይቺ ማዞሪያ አለች። ለጀማሪ ነው የተሠራችው።»

«የልጅ ልጄ ናት እንጂ ግማሽ ሰው አይደለችም» አለና ደረቱን ነፋ። ያቺን አባባል መንገድ ላይ ሳያዘጋጃት አልቀረም።

ሳጥኑን ተቀብዬ አየሁት። ሞተሩ የራሱ መኪና ሞተር ነው። ባትሪውም ጎማውም ያው ነው። ያለፈው ቅዳሜ ሌስ ገጭቶ የሰበረበት የፊት ጎማ መያዣም በሳጥኑ ውስጥ አዲስ ሆኖ ተኝቷል።

«አባዬ፣ ይሄ የማን ልደት ነው?» አልኩት።

«መለዋወጫ መጋራት ብልህነት ነው። አንቺ አይገባሽም።»

«መጋራቱ ገብቶኛል።»

«ካሪን፣ አንቺ በዚህ ነገር አፍሽን ባትከፍቺ ይሻላል። ሞክረሽዋል።»

ሌስ ጆሮውን አቁሞ ቋሊማውን መብላት አቆመ። ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ኤልሲ አረንጓዴዋን መኪና ወደ ነበረችበት መለሰቻት፤ ጎማዎቿ እኩል እንዲሆኑ አስተካክላ ነው ያስቀመጠቻት። ከዚያ መጥታ አያቷን አቅፋ ስለ ሰማያዊዋ አመሰገነችው። ልጅ በደንብ ስታሳድጉ አንዳንዴ የምታፍሩት እናንተ ናችሁ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ልደቷ ነበር። አባቴ የጀማሪዎች ውድድር ውስጥ አስመዘገባት። ከእሷ ጋር የሚወዳደሩት ሁለት መንትያ ሕፃናትና ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው ሽማግሌ ናቸው። ኤልሲ መድረኩ ላይ ስትወጣ ራሷ ከመከላከያው እንጨት በላይ ስላልታየ ዱዌይን የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ አቆመላት። አባቴ ከኋላዋ ቆመ። እጁ ከትከሻዋ በላይ እንደ ጭልፊት ያንዣብባል።

ውድድሩ ተጀመረ፤ ሰማያዊዋ መኪና እንደ ጥይት ተተኮሰችና ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ መታች። አንሺው አቃናት። ተተኮሰች፤ ሌላኛውን ግድግዳ መታች።

ይህን ያልሞከረ ሰው የማይረዳው አንድ ነገር አለ። መኪናው ከእናንተ ሲርቅ ቀኙ ቀኛችሁ ነው። ተጠምዝዞ ወደ እናንተ ሲመጣ ግን ቀኙ ግራችሁ ይሆናል። እጅ ይህን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ያቺ መኪና ደግሞ ለማንም ጊዜ አትሰጥም።

«ወደ ቀኝ!» ይላል አባቴ። «ቀኝ! የእሷን ቀኝ! የመኪናዋን ቀኝ ነው እንጂ ያንቺን አይደለም! ጋዙን ልቀቂ! አትልቀቂው! ምን ነካሽ?»

ከታች ጠረጴዛዎቹ ላይ የነበሩት መነጽራቸውን እያነሱ ማየት ጀመሩ። አንዱ አንድ ነገር አለ፤ አጠገቡ ያለው ሳቀ። የአባቴ አንገት ቀላ። የቀላው ለእሷ አልነበረም።

«አምጪ» አለ። «አምጪ ላሳይሽ።»

ሪሞቱን ከእጇ ወሰደው። እንደ ማሳየት ጀመረና ማሳየቱን ረሳ። የቀረውን ውድድር በሙሉ እሱ ነዳ። ሁለቱን ሕፃናት በየመታጠፊያው እየቀደመ፣ ሞራ ያለባቸውን ሽማግሌ ከመንገዳቸው እየገፋ ነዳ፤ በመጨረሻም አሸነፈ። እጁን ወደ ላይ አነሳ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ እጁን አነሳ! ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው፣ በልጅ ልጁ ልደት፣ በልጅ ልጁ መኪና፣ ጥርሳቸውን ያልቀየሩ ሕፃናትን አሸንፎ።

ኤልሲ ሳጥኑ ላይ እንደቆመች ባዶ እጆቿን ታያለች። አላለቀሰችም። ተነስቼ ወደ መድረኩ ሄድኩ።

«ኤልሲዬ፣ ቤት እንሂድ? ኬክሽ ይጠብቅሻል።»

«ጀማሪዎች!» አለ ዱዌይን በማይክሮፎኑ። «ተወዳድራችሁ የጨረሳችሁ ሰደርያ ልበሱ! የሚቀጥለው ዋናው ውድድር ነው!»

«እሷን ተዋት» ብሎ ጮኸ አባቴ። የራሱን መኪና እየጠረገ ነበር፤ በዋናው ውድድር ይሮጣል። «ልጅ ናት! ሌላ ሰው ፈልግ!»

«በእሷ ፈንታ አንተ ትቆማለህ ወይ?» አለ ዱዌይን።

«እኔ ተወዳዳሪ ነኝ። ደግሞም ጉልበቴን...»

«እናውቃለን!» አሉ ሦስት አራት ሰዎች ባንድ አፍ።

ኤልሲ ከሳጥኑ ወረደች። «አባባ፣ መኪናዋ የኔ ናት ብለሃል አይደል?»

«ያንቺ ናት።»

«እንግዲያው ተራውም የኔ ነው» አለችና ሰደርያ ልትቀበል ሄደች።

ሰደርያው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ። ዱዌይን ወገቧ ላይ በገመድ አሰረላትና መኪኖቹ ዘልለው ከሚያልፉት ጉብታ፣ ከትልቁ መዝለያ በኋላ ያለው መታጠፊያ ላይ አቆማት። ማንም የማይፈልገው ቦታ ነው፤ እዚያ መኪና እንደ በሰለ ፍሬ ነው የሚረግፈው። እኔ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ኮቷን ይዤ፣ በመጀመሪያው ጩኸት ላነሳት ተዘጋጅቻለሁ።

ልጄን ያን ቀን ነው ያየኋት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ መሪውን መኪና ሳይሆን መዝለያውን ብቻ ትመለከታለች። መኪና ሲገለበጥ ገና ድምፁ ሳያልቅ ደርሳለች። ግራ ቀኝ አይታ፣ ሌላ እንደማይመጣ አረጋግጣ፣ በአንድ እጇ አንስታ፣ አፍንጫውን ወደሚሄድበት አዙራ፣ ጎማዎቹ እኩል ምንጣፉን እንዲነኩ አድርጋ ታስቀምጣለች። እነዚያ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ሲያነሱ እንደ ድንጋይ ነው የሚወረውሩት። ትንሽ ቆይቶ ጠረጴዛዎቹ ጋ ያሉት ብሎናቸውን ትተው ያዩዋት ጀመር። አንዱ፣ «የማን ልጅ ናት?» አለ። «የኖርብ ናት» አለው ሌላው። «አትቀልድ!» አለ የመጀመሪያው።

አባቴ ይመራ ነበር። ሌስ ከኋላው ተጣብቆበታል። ከሁሉም ኋላ፣ ሁልጊዜ እንደሚሆነው፣ ኦርቪል ነበር። ኦርቪል እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የአባቴን አባት የሚያስታውስ ሽማግሌ ነው፤ ስንት ዙር እንደቀረው ራሱም አያውቅም። አባቴ ሁለት ጊዜ አልፎታል፤ ሲያልፈውም፣ «መንገድ ልቀቅ አንተ የሙዚየም ዕቃ!» ይለዋል።

የመጨረሻው ዙር ላይ የኦርቪል መኪና መዝለያውን ዘለለችና በጀርባዋ ወደቀች። የአባቴም ከኋላ መጥታ እላይዋ ላይ ወደቀችና ተገልብጣ አጠገቧ ተኛች። አራቱም ጎማዎቿ ባዶ አየር ያርሳሉ።

«ኤልሲ!» አለ አባቴ ከላይ። «የኔን! ሰማያዊዋን! ሰማያዊዋን አንሺ!»

ኤልሲ ደርሳለች። ቀና ብላ አየችው።

«የኔን እኮ ነው የምልሽ! ቶሎ በይ! እሱን ተዪው!»

ልጅቷ አላመነታችም፤ አልቸኮለችም። የኦርቪልን መኪና አነሳች፤ አፍንጫዋን አዞረች፤ አስቀመጠች። ከዚያ የአያቷን አነሳች። በዚያ መካከል ሌስ አልፎ ሄዶ አሸነፈ። ኦርቪል እንደ ልማዱ መጨረሻ ወጣ።

አባቴ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ። ጉልበቱ የት እንደሄደ እንጃ። ምንጣፉን አቋርጦ ልጄ ፊት ቆመ። እኔም አጥሩን ተሻገርኩ።

«ሰምተሽኛል አልሰማሽኝም?»

«ሰምቼሃለሁ።»

«ታዲያስ?»

«ያኛው ቀድሞ ወደቀ፣ አባባ።»

«ኦርቪል እኮ ነው! ኦርቪል መጨረሻ ነው! ሁልጊዜም መጨረሻ ነው! ቢነሳ ባይነሳ ለማን ምን ይጠቅማል?»

ሁሉም ወደ መድረኩ ቀና አሉ። ኦርቪል ገና መድረኩ ላይ ነው። ሪሞቱን በእጁ እንደያዘ፣ «ኖርብ» አለ ረጋ ብሎ፣ «ይሄ ሕግ እንዳለ እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ሌስ ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ለኦርቪል አዝነው እንዳይመስላችሁ፤ እነሱም ሲያልፉት ይሰድቡታል። አባቴ ሲዋረድ ማየት ከልደት ኬክ ይጣፍጣቸዋል። አባቴ እንደ ቲማቲም ቀላ፤ ወደ እነሱ ዞረ፤ ከዚያ ወደ ኤልሲ። አፉን ሲከፍት የሚመጣውን ቃል አወቅሁት። ሠላሳ ዓመት ጆሮዬ ውስጥ የኖረ ቃል ነው።

«ይቺ...» አለ።

«አባባ፣ ይሄ ከመኪናህ ወልቆ ነበር» አለችው ኤልሲ፤ መዳፏን ዘረጋች። መዳፏ ላይ አንዲት ብሎን አለች፤ የጉንዳን ያህል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ከምንጣፉ ላይ ለቅማታለች።

ብሎኗን አየ። እጇን አየ። እኔ ደግሞ አጠገቧ ቆሜ እሱን አየሁት። «በለው» አልኩት። «ጨርሰው እስቲ፤ እንስማው።»

አፉን ዘጋ። ብሎኗን ወሰደና ኪሱ ከተተ። አመሰግናለሁ አላለም፤ ያን ያህል ተአምር በአንድ ቀን አልጠበቅሁም።

ያን ጊዜ ዱዌይን ሱቁ ገብቶ አረንጓዴዋን መኪና ይዞ ወጣ። ባትሪ አግብቶባታል። «የልደት ልጅ» አላት፣ «ምንጣፉ አሁን ባዶ ነው። አንድ ዙር መንዳት ትፈልጊያለሽ?» ከዚያ ማይክሮፎኑን አነሳ። «የዋናው ውድድር ነጂዎች፣ ተወዳድራችሁ ጨርሳችኋል! ሰደርያ!»

«ለምኑ?» አለ አንዱ። «ለዚያች ኤሊ?»

«ሕግ ሕግ ነው።»

ሌስ ከሁሉም ቀድሞ ሰደርያ አጠለቀ። በሕይወቱ እንደዚያ ፈጥኖ ለብሶ አያውቅም። «እኔ ለብሻለሁ» አለ ጥርሱን እየገለጠ። «ያሸነፍኩት እኔ ለብሻለሁ! ሁለተኛ የወጣውስ?»

«ጉልበቴን...» አለ አባቴ።

«ወንበር ላምጣልህ አባባ?» አለችው ኤልሲ። ከልቧ ነው፤ ልጄ ማሾፍ አታውቅም። ለዚህም ነው አባቴ ሊቆጣት ያልቻለው። ሰደርያውን ተቀበለ። ሆዱ ላይ አልገጠመም፤ ክፍቱን ተወው።

ኤልሲ ሳጥኗ ላይ ወጣች። አረንጓዴዋ መኪና ጉዞ ጀመረች። ወደል ወደል ሰዎች ብርቱካናማ ለብሰው በየመታጠፊያው ተገትረው፣ ከሰው እርምጃ የማትፈጥንና የማትወድቅ መኪና እስክትወድቅ ይጠብቃሉ። ብሬት ከበሩ አጠገብ ሆኖ በቀስታ ያጨበጭባል፤ ለምን እንደሚያጨበጭብ አያውቅም። መኪናዋ የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፈች። ተጠምዝዛ ወደ መድረኩ ስትመጣ፣ ቀኝ ግራ በሚሆንበት ቦታ ላይ ቆመች። ኤልሲ አሰበች። ለማሰብ ጊዜ ነበራት። ጎማዎቹን ወደ አንድ ጎን አዞረች፤ ተሳሳተች፤ መለሰቻቸው፤ መኪናዋ በትክክል ታጠፈች። ማንም «ቀኝ! ቀኝ!» አላላትም።

ከመዝለያው በኋላ አባቴ ቆሟል። መኪናዋ መዝለያውን በአንድ በኩል ወጥታ በሌላው ወረደች፤ ከዚያ መንገዱን ትታ በቀጥታ ወደ እሱ መጣች። የፊት ጎማዋ ጫማውን ነካ። አባቴ እግሩን ሊያነሳ ሲል፣

«አባባ፣ አትንቀሳቀስ!» አለች ከላይ።

አልተንቀሳቀሰም። መኪናዋ የጫማውን ጫፍ ይዛ መውጣት ጀመረች፤ አንዱ ጎማ ክሩን ነከሰ፤ ወደ ጎን አዘነበለች። አባቴ ሊደግፋት ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«አትንካት! አልወደቀችም!»

«ልትወድቅ እኮ ነው» አለ።

«ከወደቀች ታነሳታለህ።»

ሌስ አንድ ነገር ብሎ ሳቀ፤ አባቴ ዞር ብሎ አላየውም። መኪናዋ ጫማው ላይ እያዘመመች፣ እየቆመች፣ ኤልሲም እያሰበች ቆዩ። የኤልሲን ሰማያዊ መኪና ያን ማታ ማን በቦርሳው ይዟት እንደሄደ ልነግራችሁ አያስፈልግም፤ ያ ሰው አልተለወጠም፤ በሚቀጥለውም ቅዳሜ ኦርቪልን ሰድቦታል። ግን ያን ጊዜ፣ አረንጓዴዋ መኪና ጫማውን አልፋ በሌላው በኩል ምንጣፉን እስክትነካ ድረስ፣ እጁን እንደዘረጋ፣ ሳይነካት፣ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ጉልበቱን አላመመውም።